ካርድ መስኮት

ሽንብጥ፣ ካስፋልቱ ዳር፣ ከክሊኒኩ በር፣
ካርድ መስኮት ውስጥ ነኝ፣ የምቀበል ብር።
መስታወቱ ጠባብ፣ እጅ ብቻ ያስገባል፤
ፊቱን ሳላይ እንኳ፣ ሰው በጣት ይለያል።

ትናንት ሲመሽ መጣ፣ መረብ የበላው ጣት፣
ያበጠ፣ የጠቆረ፣ እንደ ክረምት ምሽት።
ምንይችል ነው ስሙ፣ ከጣና የሚበላ፣
ታንኳውን አስሮ መጣ፣ ከደንገሉ ኋላ።

«ስንት ነው?»
«ለስፔሻሊስት፣ ስምንት መቶ።»
እጁ ወደ ኋላ ሄደ፣ ላስቲኩን ሳይፈታ ትቶ።

«ቀንሱልኝ» አለ፣ እንደ ገበያ ሰው፣
«ሌሊት ያጠመድኩትን ቆሮሶ ስሸጠው፣
በሦስት ሰዓት ውድ ነው፣ በስድስት ይወርዳል፣
በዘጠኝ ዝንብ ሲያርፍ፣ በምርቃት ይሄዳል።
ከጎኔ ሃያ ሰው፣ ያንኑ ዓሣ ዘርግቶ፣
ባምስት ብር ጭማሪ፣ ገዢ ያልፋል ተቆጥቶ።
የናንተ ሐኪምስ፣ ስንት አለው ጎረቤት?
እሱስ አይረክስም ወይ፣ ፀሐይ ስትገባ ቤት?»

ዝም አልኩት። እውነት አለው። የእጅ ሐኪም ቢቆጠር፣
ባንድ እጅ ጣት ያልቃል፣ ያውም አውራ ጣት ሲቀር።
ትምህርት ቤቱ ጠባብ፣ ፈተናው ወንፊት፣
በሩን የሚጠብቁት፣ የገቡት ናቸው በፊት።

ግን ሌላም አውቃለሁ።
ከስምንቱ መቶማ፣ እኩሉ የባለቤቱ፣
ሲሚንቶ ነጋዴ ነው፣ መርፌ ይዞ አያውቅም በሕይወቱ።
ዶክተር አንማው ደግሞ፣ ጠዋት በመንግሥት ቤት
ስድሳ ሰው ያያል፣ ቆሞ፣ ምሳ ሳይበላበት፤
የወሩ ደሞዝ ተደምሮ፣ ኪራዩን አይሞላም።
ማታ እኔ ጋ ይመጣል፣ ያው እጅ ነው፣ አልተኛም።
ያው መቀስ፣ ያው ክር፣ ያው የደከመ ዓይን፤
ጠዋትና ማታው ሁለት ዋጋ አለው፣ የቱን ልመን የቱን?

ባለፈው ሳምንት ነው፣ ኮሪደሩ ላይ ሰማሁ፣
በስልክ ሲለማመጥ፤ ፋይል እንደያዝሁ ቆምሁ።
«እባክዎ፣ ቀንሱልኝ» ይል ነበር ላከራዩ፣
እንደ ዓሣ ገዢ ድምፁ፣ እንደ ለማኝ አባባሉ።

ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ አልኩት በመስኮቱ፣
«ነገ ማለዳ ተሰለፍ፤ ያው ሰው ነው፣ በመንግሥቱ።»
ጣቱን ቀና አድርጎ አየው። አየኝ። ፈገግ አለ።
«ጣቴ እስኪነጋ ድረስ፣ እንዲታገሥ ማን ማለ?
እንግዲያ» አለ፣ ላስቲኩን ፈትቶ፣ ብሩን ዘርዝሮ፣
«ሐኪሙን አይደለም፣ ሌሊቱን ነው የምገዛው ዘንድሮ።»

ብሩ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ደረሰኝ ቆረጥሁ።
«ስለ ምን እንደተከፈለ» ከሚለው መስመር ላይ
«ምርመራ» ብዬ ጻፍሁ፤
እስክሪብቶዬ ግን፣ ከመጻፏ በፊት፣
ትንሽ ቆማ ነበር።