የተሰሎንቄው ጠራዥ

ፎቲኒ በዝናብ መጣች መጽሐፍ በፎጣ ጠቅልላ፣
ጀርባው ከገጹ ተጣልቶ፣ ክሩ ተበጥሶ ከኋላ።
«ቦኾር» አለችኝ «ይቅርታ፣ ይኼ ላንተ የሚሰጥ አልነበረም፤
ግን እንዳንተ የሚጠርዝ በዚህ ሰፈር አልቀረም።»

የአባቴ ሕግ እንዲህ ነበር፦ የምትሰፋውን አንብብ፣
ገጽ የሚዛባው ጠራዡ ዋጋውን ብቻ ሲያስብ።
በሌሊት ከፈትኩት እንግዲህ፣ በሩን ቀርቅሬ እንደ ሌባ፣
በልጅነቴ እንደ እሳት የሚፈራ፣ ቤታችን ያልገባ።

ምን አገኘሁ? ሰፈሬን! ማርያም ያክስቴ ስም ናት፤
ስምዖን ዓሣ ይሸጥልን ነበር ከወደቡ ላይ ጠዋት።
ልጁ ጥቅልል ዘርግቶ በምኩራብ ቆሞ፣ የልብሱ ዘርፍ
የአያቴን ይመስላል፤ እጄን ያዝኩት ገጹ ላይ ሲያርፍ።

ሲያጣጥር የጮኸው ጩኸት ከዳዊት ነው፣ ከኛ መዝሙር፤
እናቴ በሆስፒታል አልጋ ስታንሾካሹከው የነበር።
ትንፋሹ አጠረው መሰለኝ፤ መዝሙሩ ሳያልቅ አለቀ፤
ቀሪውን እኔ ደገምኩለት፣ ድምፄ እየተሳቀቀ።

«ጌታ» አላልኩትም፤ አልልምም። ለእሷ ነው የዚያ እምነቱ፤
ልቅሶ ግን ደረስኩ ያን ሌሊት፤ ጎኗ ተቀመጥኩ፣ የእናቱ።

ከዚያ ደብዳቤው ደረሰ። ለዚህች ለኛ ከተማ የተጻፈ፣
ከኛው ወገን በሆነ ሰው፣ በኛው ምኩራብ ባለፈ።
አድራሻው ትክክል ነበር፤ መንገዱን ማን አስቶት ነው
ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላ ለጎረቤት እንጂ ለኛ ያልደረሰው?

መሐሉ ላይ አንድ መስመር፣ ስለ እኛ፣ እንደ ስንጥር።
አወቅሁት። በየስቅለቱ ከድንጋዩ ጋራ የሚወረወር።
ከባቡሩ የተረፍን ጥቂት ነን፤ ምኩራቡ መጋዘን ሆኗል፤
የመቃብራችን ድንጋይ በስንቱ ግቢ ተነጥፏል።

መርፌዬ እዚያ ቆመች። ልቅደደው? ልዝለለው በመላ?
ማን ይቆጥራል አንድ ቅጠል? የአባቴ ሕግ ግን ሌላ፤
የሰው መጽሐፍ አይጎድልም። በእጥፍ ክር ሰፋሁት፣
ሲወጋ እሷንም ይውጋት፣ በመቀስ አልዳኝም ብዬ ተውኩት።

ሐሙስ መጣች። ገጹን ገልጬ
ጣቴን ብቻ አስቀመጥኩ።
አነበበች። ዝም። ሙጫዬን
ሁለት ጊዜ አማሰልኩ።
«ያኔ» አለች፣ «ሰባት ዓመቴ… ከወደቡ ጠጠር ለቅሜ…»
አልጨረሰችም። ወንበር ሳብኩላት፣ እኔ ራሴ ቆሜ።

የቆዳውን ዋጋ ከፈለች። ክሩን አልቆጠርኩባትም።
መጽሐፉን በካፖርቷ ሸሸገች፤ ዝናቡ ገና አላባራም።

እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ «ማን ሰፋልሽ?» ብለዋት ነበር፤
«ቦኾር ሰፋ» አለች አሉኝ፣ ድምፅዋን ሳትደብቅ ከሰፈር።
ቦኾር ሰፋ?
እንጃ። አውራ ጣቴ ላይ የመርፌው ቀዳዳ ገና አልጠፋ።