የመርፌው ጾም

ከሰበታ ወዲያ፣ አስፋልቱ ሲያልቅበት፣
ታፔላ የለንም፤ ሽታው ነው ምልክት።
ሠፈሩ ያውቀኛል፤ በቦኖው ሰልፍ ላይ ጄሪካኔ ለብቻው፣
"የአሳማዋ ሴትዮ" ነኝ፤ አስካለ የሚለኝ ደብተሬ ነው ብቻው።
ያንን ሥጋ አልቀምስም፤ አባቴም አልቀመሱ፣
የንስሐ አባቴማ ደጄንም አይደርሱ።
ልጄን ያስተማረው ግን ይኸው ነው።

ሰባት ቁጥር ሲያስለው፣ በሚካኤል ማታ፣
ዶክተር ቦንቱ ወጋችው፣ በባትሪ መብራት፣ ከበረቱ ገብታ።
"ሃያ ስምንት ቀን" አለች፣ እጇን እየታጠበች፣
"ሳሉስ በሦስት ይለቀዋል፤ መድኃኒቱ ግን..." ብላ ጉበቷ ያለበትን ነካች።

እኔ በጣት አልቆጥርም፤ በታቦት ነው የምቆጥር፣
ማርያምን፣ ጊዮርጊስን፣ መድኃኔዓለምን፣ ልደታን፣ አቦን ዐልፌ፣
እስከ መስቀል፣ እስከ ዐሥር።
ይኼም ጾም ነው አልኩ፤ እኛ ከሥጋ እንጾማለን፣
እሱ ከመርፌ ይጹም፤ አብረን ቀን እንገፋለን።
ጀርባውን ቀይ ቀባሁት፣ የጾመኛ ምልክት፣
ማንም እንዳይነዳው ከመንጋው ጋር በስሕተት።

በልደታ ማለዳ አይሱዙው በኋላው እየነዳ ገባ፤
ደላላው ተሻለ ጣቱን ቀሰረ፦ "ሰባት ነው የታዘዝኩት፤ ያ ቀዩም ይግባ።"
"ዘጠኝ ቀን ይቀረዋል።"
"ምኑ?"
"ጾሙ።"
ሳቀ። ረዳቱም ሳቀ። አቶ ሽመክት ግን ዝም ብለው ቆሙ።
"አንቺ አትበይው፣ እኔ አልበላው! ለካምፕ ነው፣ ለሆቴል፤
በዐይን አይታይ፣ በምላስ አይገኝ፤ እንደ ማንኛውም ነው ሲበስል።"

አቶ ሽመክት የፉርሽካ ዕዳ አለባቸው፤
ጠጋ አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦
"አስኩ፣ ሚካኤልን ፍቂና ባታ በይው።"

ባታ!
ቆጠርኩት። ከባታ እስከ ልደታ ልክ ሃያ ስምንት ይሞላል፤
ሰውዬው ይህን ሲያሰላ አድሯል።
የጻፍኩት በእርሳስ ነው። ላጲሱ ከልጄ ቦርሳ አለ።
ደመወዜ በሳቸው እጅ። አይሱዙው ሞተሩን ሳያጠፋ እየተንቀጠቀጠ ዋለ።
ደፋር አይደለሁም። ያልኩት ይቺን ነው፣ እሷንም በቀስታ፦
"ጌታዬ፣ የሚበላውን ሰው አላውቀው፤
ለማላውቀው ሰው እንዴት ልዋሽ በባታ?"

ስድስቱ ሄዱ።
የዘጠኙ ቀን ፉርሽካ ከደመወዜ ተቆረጠ፤
ሰባት ቁጥር፣ ምኑም ያልገባው፣ ከጭቃው ተገላበጠ።

በመስቀል መጡ። ቀለሙን በብሩሽ ፈተግሁት፤
ሮዝ ጀርባው ብቅ ሲል "በል ፍታ" አልኩት።
ማን እንደበላው አልሰማሁም፤ አልታመመም መሰለኝ፣
ያልታመመ ሰው ደግሞ መጥቶ አይነግረኝ።
ደብተሬን ዘጋሁ። ዓርብ ነበር፤
ሽሮዬን ገና ስከፍት፣
ስምንት ቁጥር ያስለው ጀመር።