ቅሬታ ሰሚ

ዓርብ አመሻሽ ላይ፣ የጎላን ተራራ ከማዶ ሲጠይም፣
ሐይቁ ጀልባዎቹን አስሮ ለእንቅልፍ ሲያጋድም፣
ላይኛው ፎቅ ሻማ በርቶ እንግዳ ይቀመጣል፤
እኔ ምድር ቤት ነኝ፤ ሳህኑ በጋሪ ይመጣል።
የተነከሰ ዳቦ፣ የወይራ ፍሬ ሁለት ሦስት፣
ልጅ የጫረው ሩዝ፣ የተጨማደደ ወረቀት፤
ሁሉም ትራፊ ነው። ስሙ እዚህ ቤት ቆሻሻ ነው፤
በጥቁር ላስቲክ አስሬ በጓሮ በር የማወጣው።

«ነገ ቅዳሜ ነው» አልኩት ለኃላፊዬ ለኦፊር፣
«እኔም ሰንበት አለኝ፤ ከእናቴ ጡት የጠባሁት ነገር።»
ሳቀ፤ ክፋት የሌለው፣ የደከመው ሰው ሳቅ፦
«ሰንበትማ የእኛ ነው፤ አንቺን የቀጠርንሽ እኛ እንድንጠብቅ።»

ሰንበት አክባሪ አገር መጥቼ፣ ሰንበቴን የነጠቀኝ ሰንበት ሆነ፤
ጋሽ ቶለሳ ቢሰማ ምን ባለ፣ እንዴት በተከነ!
ጋሽ ቶለሳ፣ ጊምቢ ላይ፣ የሰንበት ትምህርት መምህሬ፣
ጣቱን ከገጹ ሳያነሳ፣ ድምፁ ይሰማኛል እስከ ዛሬ፦
«ትእዛዙን ጠብቀው፣ የኢየሱስን ምስክር ይዘው ያሉ፣
ዘንዶው የተቆጣባቸው፣ ከዘሯ የቀሩት እነማን ይባላሉ?»
«እኛ!» እንል ነበር፣ አግዳሚው ወንበር እስኪነቃነቅ፤
ልጆች ነበርንና፣ መቅረት ምን እንደሆነ ሳናውቅ።

እሑድ ቢሮ ጠሩኝ። አስተርጓሚ መጣች፣ ስሟ ያልጋነሽ፤
ባማርኛ የታተመ ቅጽ ዘርግታ፣ «ቁጭ በይ» አለች፣ «አይዞሽ፤
ቅሬታ አለሽ ወይ?»
ቃሉ ጆሮዬ ውስጥ ሁለት ሆኖ ገባ፤
አንዱ ማመልከቻ ይዞ፣ አንዱ ደርቦ የነቢይ ካባ።
ቅሬታ አለኝ ወይ? ቅሬታ ነኝ ወይ? የቱን ነው የምመልሰው?
ቋንቋዬስ ምነው በአንድ ቃል አሰረ፣ እሮሮንና የተረፈን ሰው?

ዝም ስላት እሷ ጀመረች፣ ብዕሯን ወረቀቱ ላይ ጥላ፦
«ታናሼ ውባንተ ጎንደር ቀረ፤ ዝርዝር ውስጥ የለም ብለው፣ እኛ ወደፊት እሱ ወደኋላ።
‹የእስራኤል ቅሬታ› ተብሎ ሲነበብ በምኵራብ፣
እኔን የሚታየኝ እሱ ነው፤ በሩ ላይ ቆሞ፣ ሳይቀርብ።»
ቅጹን አልሞላነውም። ሁለታችንም ዝም አልን፤
በመስኮቱ በኩል ሐይቁን አየን።

ይኸው ሐይቅ ነው፤ ሕዝቡ በልቶ ጠግቦ ሲበተን፣
አንዲት ፍርፋሪ እንዳትጠፋ፣ ቅርጫት አምጡ ያለን።
ዐሥራ ሁለት ሙሉ። ማን ነክሶ እንደተወው፣
አልጠየቀም፤ ከማን እግር ሥር እንዳነሣው።

በሚቀጥለው ዓርብ ሂያም፣ ከቱርዓን የምትመላለሰው፣
ሳሙናውን ከእጄ ወሰደች፦ «የኔ ዓርብ አለፈ፤ ሂጂ፣ ያንቺን ጠብቂው።»

ከጎማ ጥገናው በላይ፣ ባንዲት ጠባብ ክፍል ተሰበሰብን፤
አሮጊት ስታጥብ ያደረችው ሉዝቪሚንዳ፣ ግንበኛው ዶሪን፣ እኔ፤ ሦስት ሆንን።
ዶሪን ዙሪያውን አይቶ «እኛ ብቻ ቀረን» አለ፣ እንደ ነቢዩ በዋሻ፤
እኔ ግን ይታየኝ ነበር የሂያም ክንድ፣ የሂያም ማበሻ።
ስንቱ ይኖራል ሳንቆጥረው፣ ጉልበቱን ለሐሰት ያላጠፈ፣
ስንቱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ ስሙ ዝርዝር ውስጥ ያልተጻፈ።
ጋሽ ቶለሳ፣ ዛሬ ብትጠይቀኝ «እኛ» አልልም ቶሎ፤
ጎንበስ ብዬ እጠብቃለሁ፤ የሚለቅመን ይምጣ፣ ቅርጫቱን አንጠልጥሎ።

ቅጹ ኪሴ ውስጥ ነው እስካሁን። «ቅሬታ» ከሚለው ቃል ሥር፣
ባዶውን መስመር ሳየው፣ አልጻፍኩም ስለ ደመወዝ፣ ስለ ኦፊር፤
ስም ጻፍኩ፦ ውባንተ፣ ጎንደር። ሂያም፣ ቱርዓን። ዶሪን። ሉዝቪሚንዳ።
የኔን ከታች። ትንሽ ቦታ ተረፈ፤
ተውኩት፣ ለእንግዳ።