ሆደ ሰፊ

ሰሊጡ ተራግፎ፣ ሸራው ተጠቅልሎ፣
ኩንታሉ በአይሱዙ ወደ አዘዞ ዘሎ፣
ሂላው ብቻ ቀረ፣ ባዶ አፉን አንጠልጥሎ።
አባቴ ክብሪቱን ከደረት ኪስ ነጥሎ
ያነደው ነበረ፣ «ለምን ይበጃል?» ብሎ።

ዘንድሮ ግን እኔ ለመንኩት በስልክ፦
«አታቃጥል አባ፣ አምስት ጆንያ ላክ።»
ሳቀብኝ፦ «ዘርፌ፣
ማራኪ ድረስ ሄደሽ፣
ማስተርስ ተምረሽ፣
እንጨት ለቃሚ ሆንሽ?»

ላከው ቢሆንም፣ በመተማው አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ታስሮ፤
ረዳቱም አስከፈለኝ፣ እንደ አምስት ሰው ቆጥሮ።

ጋሽ ውበቱ በበየደው በርሜል፣
አየር ሳይገባበት፣ ነበልባል ሳይነካው፣
አገዳው ጠቆረ፤
እንደ ማር እንጀራ ተቦረቦረ፤
በየቀዳዳው ውስጥ ጨለማ አሳደረ።
ፈጨሁት፣ ነፋሁት፣ በሙጫ ለወስኩት፣
የሳጥኔን ግድግዳ ስድስቱንም ለጠፍኩት።

ፋሲል ግንብ ሥር ቆመህ ስምህን ብትጣራ
ድንጋዩ ይመልሳል፣ እንደ ባለጌ ልጅ ቃልህን ሊደግም ሲንጠራራ።
ብረትም እንዲሁ ነው፣ ሞገድ ሲመጣበት ገፍቶ ይመልሳል።
ይኼ ግን ሆደ ሰፊ፣
«ግባ» ይለዋል እንጂ «ውጣ» መች ያውቃል?
ከጓዳ ወደ ጓዳ ሲያዞር ያመሸዋል፣
ጥቂት ሙቀት አርጎ እዚያው ያስቀረዋል።

ሐሙስ ማታ ነው፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ በሰዓቱ።
(መለኪያው ከተበላሸ፣ መለዋወጫው ከተጠየቀ ዓመቱ።)
ስልኬን ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጥኩና
ክዳኑን በቀስታ መለስ፣ መለስ አደረግኩ፤
አራት ዘንግ። ሦስት። አንድ።
ዘጋሁት።
ሻይ ልጠጣ ወጣሁ፣ ጨዋታ ያዘኝና ረሳሁት።

ስከፍት፦ ያመለጡ ጥሪዎች ሰባት።
ሰባቱም የአባት።

«ሴትዮዋ» አለኝ፣ «'አይገኙም' ትላለች፣ ሰባቴ፣ ሳታፍር።
ምን አገኘሽ ልጄ?»
«ምንም፤ ያንተው አገዳ ነው ድምፅህን የበላው።»

ዝም አለ።
የመተማ ነፋስ ብቻ በስልኩ ውስጥ አለፈ።
የሠላሳ ዓመት ክብሪት የሚቆጥር መሰለኝ።

«እኔ እኮ» አለ ኋላ፣ «ዝናብ ሲቀር፣ ዋጋ ሲወድቅ፣ እናትሽ የሞተች ጊዜ፣
ማሳው ዳር ቆሜ ነው የጮህኩት፤
አንድም ቃል አልመለሰልኝም።
ለካ የሰማኝን ነው በየዓመቱ ያነደድኩት።»

ደግሞ ትንሽ ቆይቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፦
«ስንት ጆንያ ልላክ?»