ሁለት ጀርባ

ሰው ሁሉ ፊታቸውን፣ እኔ ጀርባቸውን
ነበር የማውቀው፤
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከከበሮው ኋላ
ተቀምጬ ሳየው
የሃልቮርሰን ሸሚዝ በላብ ካርታ ሲሥል፣
የኮስኪ ትከሻ
ጊታሩን ሊያስለቅስ ጥቂት ከፍ ሲል።

«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣
ሲይዙት ያደናግር» ይላል የሚያውቅ ሰው፤
እኔን ያደናገረኝ ከበሮው አይደለም፣
ከፊቴ የቆመው።

ነገሩ ሲጀመር ነገር አልነበረም።
ዱሉት ውስጥ፣ በጥር ብርድ፣
ከዓሣ መጋዘን በላይ በተከራየናት ክፍል
(ማሞቂያዋ በቡጢ ካልተመታች አትሠራም)
አንዲት ዜማ ተወለደች።
ኮስኪ «ከጣቴ ወጣች» አለ፣
ሃልቮርሰን «ከአፌ»።
ሩዲ ዙፓን ቤዝ ጊታሩን አቅፎ ሳቀ፦
«ሁለት አባት ለአንዲት ልጅ አይበዛም፤
ወተቷን ማን ይገዛል?»
ወተቷን ሬዲዮ ገዛ።
ያኔ ነው ጠቡ ጥርስ ያወጣው።

ከዚያማ ምኑ ይነገራል፦
በአንድ ማይክ አፍ ለአፍ ገጥመው እየዘፈኑ
በእኔ በኩል መላላክ።
«በለው ያንን ሰው፣ ድምፁን ይቀንስ!»
«በለው ያንን ሰው፣ ጆሮውን ይታጠብ!»
በለው ማለት ንገረው ነው፣
በለው ማለት ምታው፤
እኔ ሁለቱንም
በቆዳው ላይ ተወጣሁት።

ስድስት ዓመት ቆይቶ፣ ፋርጎ ላይ፣
በአንድ ጥንድ ቦት ጫማ ተጣልተው ተለያዩ።
ጫማው የማንኛቸውም ልክ አልነበረም፤
የሩዲ ነበር።

ቀጥሎ ስሙ ታመመ።
«የጉም ጥሩምባ»፣
አራታችን ከወደቡ ድምፅ የለቀምነው ስም፣
ጠበቃ ገዛ፣ ችሎት ቆመ፣ ለሁለት ተቀደደ፦
አንዱ «የጥንቱ የጉም ጥሩምባ» ብሎ በቁማር ቤት፣
አንዱ «እውነተኛው የጉም ጥሩምባ» ብሎ በገበሬ ባዛር፣
በአንድ ሌሊት፣ በሁለት አውራጃ፣ ያችኑ ዜማ።
ተመልካቹም እንደነሱ ፀጉሩ የሳሳ፣
ቲኬቱን ቆርጦ ሲገባ
የትኛው የትኛው እንደሆነ የረሳ።
እኔ የተማሪ አውቶቡስ እነዳለሁ፤
መሪው ላይ ጣቴ አልተፋታም።

ባለፈው ኅዳር ሩዲ ሞተ።
ሚስቱ ኢርማ ለሁለቱም ደወለች።
ሁለት የአበባ ጉንጉን መጣ፣
በሁለቱም ሪባን ላይ አንድ ስም፤
ገዢው ሁለት ቢሆን አበባ ሻጯ አንዲት ናትና
አንዱን በወርቅ ቀለም ጻፈች፣ አንዱን በብር።
ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤
እዚህ ዋለ፣
እየታገለ።

ኦርጋን መቺዋ፣ ሰማንያ ያለፋቸው እመቤት፣
መዝሙሩን ጀመሩ፤ ቀስ… ቀስ…
ሩዲ ራሱ ተነሥቶ ሊገፋቸው እስኪደርስ።
ያኔ ኮስኪ ከግራ አግዳሚ፣ ሃልቮርሰን ከቀኝ፣
ሳይተያዩ፣ እኩል፣
አንገታቸውን አዙረው
የኋላ ወንበር ላይ እኔን አዩኝ።
ያ አስተያየት! በየመድረኩ የማውቀው፦
ዘገየ፤ ሳበው፤ ቁጠርልን።

ፊታቸውን አየሁ። ለካ አርጅተዋል።
የኮስኪ ቅንድብ አመዳይ፣
የሃልቮርሰን ከንፈር በአንድ ወገን ወድቋል፤
ማንም አልነገረኝም።
በጫማዬ ጫፍ ወለሉን መታሁ፦
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣
አራት ሳልል
ዞሩ።
ጀርባቸው ተመለሰ።

ውጪ በረዶ ይጥላል። ማዕድን የጫነች መርከብ
ለድልድዩ ጮኸች፣ ድልድዩ መለሰላት፤
ብረት ለብረት ሰላምታ አይነፍግም።
ኮስኪ ወደ ኮረብታው ነዳ፣
ሃልቮርሰን ድልድዩ እስኪወርድ
ሞተሩን ሳያጠፋ ጠበቀ።

ማክሰኞ ከአንድ ጠበቃ ደብዳቤ ደረሰኝ፣
የሟቹን ሩብ ድርሻ ይመለከታል።
ረቡዕ ከሌላ ጠበቃ፣ ስለዚያው ሩብ።
ሁለቱንም ሳልከፍት
ከበሮው ላይ ደራርቤ አስቀመጥኳቸው።
ያላልኳት አራት ግን
አሁንም ጫማዬ ጫፍ ላይ ናት።