የቀኝ ወንበር ቀበቶ

ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ ኮብልስቶኑ ካለቀበት፣
ታክሲ «አልሄድም» ብሎ ፊቱን ከሚያዞርበት፣
ዳገቱ ላይ አቁሜያታለሁ ቪትዜን፣ የኋላ ጎማዋን ድንጋይ አስደግፌ፤
የቀኙን ቀበቶ እስባለሁ፤ ስቤ፣ ተሳድቤ፣ ትንሽ አርፌ፣
ደግሞ ስቤ።
ነክሷል።

ድሮስ ማን ነገሬ ብሎት?
ትራፊክ ሲታይ ትከሻ ላይ ጣል ይደረጋል፣
አደባባዩ ሲታለፍ ይለቀቃል።
ደንበኛም አልጠየቀኝ፣ እኔም አልጠየቅኩትም፤
መንፈቅ ሙሉ እንደተኳረፈ ጎረቤት ተላልፈን ከረምን።

አሁን ግን ስንዱ ሰባት ወሯ ነው።
ማክሰኞ ቀጠሮ አላት፤ እስከ ቃሊቲ መንገዱ ጉድጓድ ነው።
ገመዱ ነክሶ የቀረው በአምናው ወገቧ ልክ፤
ከዘንድሮው ሆዷ ሳይደርስ ያልቃል።
«ተወው» አለች፣ «በእጄ እይዘዋለሁ።»
ሆዷን ይሁን ቀበቶውን አልገባኝም። ፈታሁት።

በአሥራ አራት ቁልፍ፣ ከጥበቃው ከጋሽ ዋቅጅራ ተውሼ፣
ሳሎን ይዤው ገባሁ፣ የስንት መንገድ አቧራ ለብሼ።
ጠረጴዛው ላይ አጋደምኩት። ሳብኩት፤ እምቢ።
በጉጠት ነካካሁት፤ እምቢ።
ለመንኩት። እምቢ።
«ሰበርኩት» አልኩ።

የዋቅጅራ ልጅ ሲምቦ፣ ቁልፉን ልትወስድ የመጣችው፣
ከበሩ ላይ ሆና፣ «ተኝቶ እኮ ነው» አለች፣ «አቁመው።»

መኪናው ውስጥ እንዳለው ቀጥ አድርጌ ያዝኩት፤
ከአተር የማትበልጥ የብረት ኳስ ከሆዱ ስትንከባለል ሰማኋት።
ለካ ዳኛዋ እሷ ናት፣
መኪና ሲያዘነብል ከሾፌሩ ቀድሞ የሚገባት።
ከሥሯ ደግሞ፣ ማን እንደጣላት ያልታወቀች
ግማሽ ሽምብራ ተሰንቅራለች።

የማን ቆሎ ትሆን? ያ ሌሊት ከቦሌ ያመጣሁት፣
እያለቀሰ የሚቆረጥመው ሰውዬ?
ወይስ የራሴ?
በመርፌ አወጣኋት። ሲምቦ በመዳፏ ተቀብላ አገላበጠቻት፣
ወጥታ ለዶሮ ወረወረቻት።

በንዴት ሳብኩት፤ ያዘኝ።
ቀስ ብዬ ሳብኩት፤ መጣ፣ መጣ፣ መጣ፣
ከጠረጴዛው ወርዶ ወለል ላይ ተኛ፣
ለመንታም የሚበቃ።
ስለቀው ተጠቅልሎ ገባ፣ እንደ ቀንድ አውጣ።

ማክሰኞ ጠዋት ስንዱ ገብታ ተቀመጠች፣
ገመዱን በሁለት ጣት፣ እንዳሳየኋት፣ ቀስ ብላ ሳበች።
እምቢ።
እኔን አየች። ዳገቱን አየች። ከጎማው ሥር ያለውን ድንጋይ አየች።
«መጀመሪያ ደልዳላው ጋ አውርደን» አለች፣
«ከዚያ እንታጠቅ።»

ድንጋዩን አነሳሁ።