ወለድን ሳንነካ

ለዘጠኝ ሰዓት ሁለት ደቂቃ ሲቀረው
የኳላ ላምፑርን ሰማይ ዝናብ አጠቆረው።
ሃያ ሦስተኛው ፎቅ፣ ስክሪኑን ከብበን
አንዲት ዓረፍተ ነገር እንጠብቃለን።
ከይሩል ብዕር ያኝካል፣ ሻዩ በርዶበታል፤
የማዕከላዊ ባንክ መግለጫ ዘግይቷል።

መጣ።
ሩብ በመቶ ጨመረ።

ሩብ በመቶ ምንድን ናት? ከሩዝ ፍሬ ታንሳለች፤
እኛ ቤት ስትደርስ ግን ምሰሶ ትነቀንቃለች።
የሰባት ዓመት ሱኩካችን፣ ጠዋት አንገቱ ቀና ያለው፣
ነገ የሚወጣው አዲሱ ገና ሳይወለድ አቃለለው።
ሕንፃው ያው ሕንፃ ነው፣ ተከራዩም ያው ተከራይ፤
ጣሪያው አላፈሰሰም በዚህ ሁሉ ዝናብ ላይ፤
ዋጋው ብቻ ወረደ፣
ማንም እሳት ሳይለኩስ፣ በቁሙ እንደ ሻማ ነደደ።

ስልኬ ተንቀጠቀጠ። አባቴ ነው፣ ከዱዮንግ ደሴት፤
ዋን ጁሶህ፣ ጀልባ ሠሪው፤ ንድፍ አያውቅም በወረቀት፣
የቸንጋልን እንጨት በመዳፉ ዳብሶ
"የት ላይ ትሰነጠቅ?" ብሎ የሚጠይቅ ጎንበስ ብሎ።
አርባ ዓመት በመጋዝ ያጠራቀመውን የሐጁን ሪንጊት
"አንቺ ካለሽበት ይሁን" ብሎ አኖረው እኛ ቤት።

"ያቲ፣ ሬድዮው ዛሬ ወለድ ጨመረ አለ፤
ታዲያ የእኛ ገንዘብ ስለምን ጎደለ?
ወለድን አልበላን፣ ወለድን አልነካን፤
እሱ በየትኛው እጁ፣ በየት ገብቶ ነካን?"

ምን ልበለው?
የኪራዩ ውል ላይ፣ አሥራ አራተኛው ገጽ፣ ከታች፣ በደቃቅ ፊደል፣
"ኪራዩ በየስድስት ወሩ የባንኮችን ወለድ አይቶ ይስተካከል" ይላል።
ኡስታዝ ዙልከፍሊ መነጽሩን አውልቆ አስረድቶናል፦
"የአረቄ ሻጭ ሚዛን ተውሰህ ስኳር ብትመዝንበት፣
ስኳሩ አያሰክርም፤ ኃጢአት የለበት።"
ልክ ነው ኡስታዝ፤ ስኳሩ ንጹሕ ነው።
ግን በየሁለት ወሩ የሚዛኑን ድንጋይ የሚለውጠው
ያው አረቄ ሻጩ ነው።

ከወንዙ አንጠጣም፤ የራሳችንን ጉድጓድ ቆፍረናል፤
ወንዙ ሲሞላ ይሞላል፣ ወንዙ ሲጎድል ይጎድላል፤
ከሥር የሚያገናኛቸውን ማን ወርዶ አይቷል?

ማዶ ያለው ባንክ ቁጥሩን በቀይ መብራት አድምቆ
እስከ አሥር ተኩል ድረስ ሁለት መቶ ሰባት ሰው ከእኛ ወጣ፣ ተሳቆ።
አልፈርድባቸውም።
እምነት አላቸው፤ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያም አላቸው።

ደግሞ የማጥሪያው ሣጥን አለ፤
ከኩባንያዎቻችን አንዱ ገንዘቡን ባንክ አሳድሮ ወለድ ከተከተለው፣
ያቺን ነጥለን፣ በሳንቲም ቆጥረን፣ ለምጽዋት እናወጣለን።
ወለዱ ባደገ ቁጥር ምጽዋታችን ያድጋል፤
ዘንድሮ ለኩላሊት ሕሙማን ሁለት ማሽን ይገዛል።
በዚህ ልደሰት ወይስ ላፍር? እስከ ዛሬ አልለየሁም።

ይኼ ሁሉ ቀመር፣ ይኼ ሁሉ ፊርማ፣ ለማጥራት የደከምነው፣
ወለድን ስንሸሽ፣ ስንሸሽ፣ ወለድን ሳናውቀው።

"አባ፣ ታዲያ ላውጣልህ ወይ?"
ዝም አለ። ከኋላው መዶሻ ሁለት ጊዜ መታ።
"ተራሽ ገና አሥራ አንድ ዓመት ነው ይሉኛል የሐጅ ቢሮ ሰዎች፤
እኔ ሰባ ሦስቴን ይዣለሁ። የቱ እንደሚቀድም አላህ ያውቃል።
ይቀመጥ፣ ተይው።
ብቻ አንድ ነገር ንገሪኝ።
እኔ ድሮ ጀልባ ስሰጥ፣ ዓሣ ሲገኝ ሲሶው ለኔ፣
ባዶ መረብ ሲመጣ ባዶ ነበር ድስቴ፣ የኔ።
እናንተስ፣ ያቲ? የእኛ መረብ ባዶ ሲሆን
የእናንተም ድስት ባዶ ይሆን?"

የአስተዳደር ክፍያችን ከላይ ነው የሚቆረጠው፤
መረቡ ቢሞላም፣ ባይሞላም፣ በወሩ መጨረሻ።

"አይሰማኝም አባ፣ ዝናቡ ነው" አልኩት።

መስኮቱ ድርብ መስታወት ነው።
ከዚህ ፎቅ ላይ ዝናብ አይሰማም።